ሾርትብሬድ ላይ ከረሜላ፦ መቼ ነው የሚገባው?

ጥያቄ፦ «ለበዓል እንግዶቼ ሾርትብሬድ ኩኪስ ልጋግር ብዬ ደረቅ የሚንት ከረሜላ ሰባብሬ ከሊጡ ጋር አሸሁት። በ180 ዲግሪ 20 ደቂቃ አቆየሁት። ኩኪሱ ተንጣሎ እርስ በርሱ ተያያዘ፤ ከረሜላው ቀልጦ ትሪው ላይ ፈሰሰና ጠርዝ ጠርዙ ተቃጠለ። በቢላ ነው የፈለቀቅኩት። ደህና የወጡትን ደግሞ ዕቃ ውስጥ ከድኜ ባስቀምጣቸው በማግስቱ ከረሜላው ጣት ላይ ይጣበቅ ጀመር። አንዷ ጓደኛዬ ‹ቅቤ በዝቶ ነው፤ ቀንሺና እንቁላልና ቤኪንግ ፓውደር ጨምሪበት› አለችኝ። ሌላዋ ‹ከረሜላውን ዱቄት አልብሺው› አለች። እኔ ደግሞ ኦቨኔን ጠርጥሬያለሁ። በዓሉ ሊደርስ ነው፤ ከሦስት ቀን በፊት ጋግሬ መጨረስ አለብኝ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እንቁላሉንም ቤኪንግ ፓውደሩንም ይተዉት። ሾርትብሬድ እንቁላልም ማስነሻም የሌለው ሊጥ ነው። ሁለቱን ከጨመሩበት ሌላ ዓይነት ኩኪስ ይሆንብዎታል፤ ያ ኩኪስ ደግሞ ከሾርትብሬድ ይበልጥ የሚነፋና የሚንጣለል ነው። እንቁላል ውሃ ይዞ ስለሚመጣም የከረሜላውን መጣበቅ ያባብሰዋል እንጂ አይረዳዎትም። ቅቤውንም አይቀንሱ። የስኮትላንዶች የቆየ ልኬት በክብደት 1 እጅ ስኳር፣ 2 እጅ ቅቤ፣ 3 እጅ ዱቄት ነው። ቅቤው የዱቄቱን ቅንጣቶች ሸፍኖ ግሉተን፣ ማለትም ሊጥን የሚያጠነክረው የዱቄቱ ፕሮቲን፣ እንዳይያያዝ ስለሚከለክል ነው ሾርትብሬድ አፍ ውስጥ የሚፈረፈረው። ካጓደሉት አይንጣለልም፣ እውነት ነው፤ ግን እንግዶችዎ የሚቀርብላቸው ጥርስ የሚፈትን ብስኩት ነው።

ከረሜላውን ዱቄት ማልበስ ደግሞ ከኬክ የተወሰደ ልማድ ነው፤ ዘቢቡ ወደ ታች እንዳይሰምጥ ተብሎ የሚደረግ። የእርስዎ ከረሜላ አልሰመጠም፣ ቀለጠ። ዱቄት የለበሰ ስኳርም ሙቀት ካገኘው ይቀልጣል።

ኦቨንዎን በተመለከተ፣ በ20 ዲግሪ የሚዋሽ ኦቨን ብዙ ነው፤ ውስጡ የሚንጠለጠል ትንሽ ቴርሞሜትር መግዛት አያስቆጭም። ቢሆንም ኦቨንዎ እውነቱን እየተናገረ እንኳ 180 ዲግሪ ለዚህ ሥራ በዛ። ዋናው ጉዳይ ግን ከረሜላው ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ማወቁ ላይ ነው።

ደረቅ ከረሜላ የሚሠራው ስኳርና የግሉኮስ ሽሮፕ አንድ ላይ ሙቀታቸው 150 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ተፈልተው ነው። እዚያ ሲደርስ ውሃው ከሞላ ጎደል ተንኖ አልቆ 1 ወይም 2 በመቶ ቢቀረው ነው። ቶሎ ሲቀዘቅዝ ስኳሩ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ስለማያገኝ እንደተዘበራረቀ ይደርቃል። በሳይንሱ አነጋገር መስታወት ነው፤ በብርሃን ፊት ሲይዙት አሳልፎ የሚያሳየውም፣ ሲሰበር ስለታም የሚሆነውም ለዚህ ነው። መስታወት ደግሞ እንደ በረዶ በአንድ የታወቀ ዲግሪ ላይ ተነስቶ አይቀልጥም። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር መጀመሪያ ይላላል፣ ቀጥሎ ይለጠጣል፣ በመጨረሻ እንደ ማር ይፈሳል። ከረሜላ መላላት የሚጀምረው ገና ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት ሳይደርስ ነው። እንግዲህ 180 ዲግሪ ውስጥ 20 ደቂቃ ማቆየት ማለት አንዴ በስሎ ያለቀን ነገር ከተሠራበት ሙቀት አስበልጦ ሁለተኛ ማብሰል ነው። ከረሜላው በሊጥ ተከቦ መሀል ላይ የተቀመጠ ከሆነ ትንሽ ይታገሣል። ጠርዝ ላይ ሆኖ የትሪውን ብረት የነካው ግን ይፈሳል፣ ይጠቁራል፣ ሲቀዘቅዝም ከብረቱ ጋር አንድ ይሆናል።

የኩኪሱ መንጣለል ሌላም ምክንያት አለው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ከረሜላ በላስቲክ ከረጢት አድርገው በሊጥ መዳመጫ ሲቀጠቅጡት የሚወጣውን ጠጋ ብለው ይዩት፤ ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ ብናኝ ነው። ያንን ከነብናኙ ሊጡ ላይ ሲገለብጡት ቅንጣቱ ከረሜላ ሆኖ ይቀራል፤ ብናኙ ግን ሊጡ ውስጥ ገብቶ ተጨማሪ ስኳር ይሆናል። 100 ግራም ስኳር የለኩለት ሊጥ ሳያውቁት 130 ግራም ይይዛል። ስኳር ኦቨን ውስጥ ቀልጦ ፈሳሽ ስለሚሆን ሊጡ በዚያው መጠን ይላላል፤ ግሉኮስ ያለበት ሲሆን ደግሞ ቶሎ ይቀላል። ስለዚህ የቀጠቀጡትን ከረሜላ ሁልጊዜ በወንፊት ይንፉት። ብናኙን አይጣሉት፤ ከስኳሩ ላይ 20 ግራም ቀንሰው በምትኩ 20 ግራም ብናኝ ቢያስገቡ ሊጡ ሳይበላሽ የሚንቱን ጣዕም ያገኛል። ሊጡ ውስጥ ከረሜላ መግባት አለበት ከተባለ እኔ የምፈቅደው ይህንን ብቻ ነው።

በማግስቱ የተጣበቀው ኩኪሱ ስላልበሰለ አይምሰልዎ። 1 ወይም 2 በመቶ ውሃ ብቻ የቀረው ስኳር ያገኘውን እርጥበት ሁሉ ይስባል። ከአየር ይስባል፣ ከጎኑ ካለው ኩኪስም ይስባል። የገበታ ቅቤ ከ100 ግራሙ 16 ግራም ያህሉ ውሃ ነው፤ 200 ግራም ቅቤ ያለበት ሊጥ 32 ግራም ውሃ ይዞ ኦቨን ይገባል ማለት ነው። አብዛኛው ሲጋገር ይተናል፤ የቀረው ግን ቀስ እያለ ወደ ከረሜላው ይሄዳል። ዕቃውን መክደንዎ ልክ ነበር፤ የውጭውን እርጥበት ከልክለዋል። የውስጡን ግን ከረሜላው አጠገብ አስቀምጠውታል። ለብ እያለ ከድነውት ከነበረ ደግሞ እንፋሎቱንም አብረው አሽገውበታል። ይህን ሲያዩ ፍሪጅ ትዝ ይልዎት ይሆናል፤ አያድርጉት። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ከረሜላ ክፍሉ ውስጥ ያለው እርጥበት ላዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፍበታል፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይዝለገለጋል።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ሾርትብሬዱን ያለ ምንም ከረሜላ ከሦስት ቀን በፊት ይጋግሩት፤ ከረሜላውን በበዓሉ ዋዜማ ቸኮሌት ላይ ይበትኑበት። ሾርትብሬድ ለብቻው ሲሆን ቀን አይፈራም፤ በደንብ የተከደነ ዕቃ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ እንዲያውም በሁለተኛው ቀን ጣዕሙ ከመጀመሪያው ቀን ይሻላል። ችኩሉ ከረሜላው ነው፤ እሱን መጨረሻ ላይ ያምጡት።

ለ24 ኩኪስ 200 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 300 ግራም ፍርኖ ዱቄት፣ 90 ግራም የዱቄት ስኳርና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ስኳሩን ከ100 ወደ 90 ያወረድኩት ላዩ ላይ ከረሜላና ቸኮሌት ስለሚመጣበት ነው። ከዱቄቱ ላይ 40 ግራሙን በበቆሎ ስታርች ቢተኩት ይበልጥ ይፈረፈራል፤ ካላገኙ አይጨነቁ። የዱቄት ስኳር የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ፦ ውስጡ ትንሽ ስታርች ስላለበትና ስለደቀቀ ኩኪሱ ቅርጹን ይይዛል፤ ደቃቅ ያልሆነው ስኳር ይበልጥ ያንጣልለዋል። ቅቤውን የነጠረ አያድርጉት፤ ውሃው የወጣለት ቅቤ ሊጡን አሸዋማ አድርጎ ቅባት እንዲተፋ ያደርገዋል። ሁሉንም በሚዛን ይለኩ። በስኒ የሚለካ ዱቄት እንደ አሞላሉ ከስኒ ስኒ ብዙ ግራም ይለያያል፤ ሦስት ነገር ብቻ ባለው ሊጥ ላይ ያ ልዩነት የሚደበቅበት ቦታ የለም።

ቅቤው አውራ ጣትዎን ሲጫኑበት ምልክት የሚቀበል፣ ጣትዎ ግን ሰተት ብሎ የማይገባበት መሆን አለበት፤ ያ 18 ወይም 20 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ለስልሶ የሚያብረቀርቅ ከሆነ መንጣለል ከአሁኑ ተጀምሯል። ቅቤና ስኳሩን እስኪዋሃዱ ብቻ ያማሱ። ለኬክ እንደሚደረገው በማሽን ነጭ እስኪሆን አይምቱት፤ የሚያስገቡት አየር ኦቨን ውስጥ ተነፍቶ ቅርጹን ያበላሸዋል። ዱቄቱን ጨምረው ሊጡ አንድ ላይ ሲያያዝ እጅዎን ይሰብስቡ። ይህ የዳቦ ሊጥ አይደለም፤ ባሹት ቁጥር ይጠነክራል። በሁለት ወረቀት መሀል አድርገው 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው ይዳምጡት፣ ቆርጠው ቢያንስ 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ያሳርፉት። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ሊጡ ቀዝቅዞ ከገባ ቅቤው ሙሉ በሙሉ ከመቅለጡ በፊት የዳርና ዳሩ ዱቄት መያዝ ይጀምራል። ለመንጣለል የሚሆን ፍቱን መድኃኒት ካለ ይህ ነው፤ ቅቤ መቀነስ አይደለም።

በ160 ዲግሪ፣ ማራገቢያ ያለው ኦቨን ከሆነ በ140፣ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይጋግሩት። ላዩ እንዲቀላ አይጠብቁ። አንዱን በጥንቃቄ ገልበጥ አድርገው ከታች ይዩት፤ የደረቀ ገለባ ቀለም ከያዘ በስሏል። ትኩስ ሲሆን በጣም ተሰባሪ ስለሆነ 10 ደቂቃ ትሪው ላይ ይተዉት፤ ከዚያ ሽቦ ላይ ያንሱት። ወደ ዕቃው የሚገባው ታችኛው ሆዱ ሲነካ ጨርሶ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ ነው።

የዋዜማው ሥራ ይኸው። 200 ግራም ቸኮሌት ይክተፉ፤ ሁለት ሦስተኛውን በሚተን ውሃ ላይ በተቀመጠ ጎድጓዳ ሳህን ቀስ ብለው ያቅልጡ። የሳህኑ ታች ውሃውን እንዳይነካው። ጥቁር ቸኮሌት ከ50 ዲግሪ፣ የወተትና ነጭ ቸኮሌት ከ45 ባይበልጡ ደግ ነው። ከእሳት አውርደው የቀረውን ሲሶ ይጨምሩበትና ጥቁሩ 31 ወይም 32፣ የወተቱ 30፣ ነጩ 29 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ያማስሉ። ይህን ካልዘለሉት ቸኮሌቱ አብረቅራቂ ሆኖ ቀጭ እያለ የሚሰበር ይሆናል፤ ከዘለሉት በማግስቱ ላዩ ላይ ነጣ ያለ ጉም ይታያል፣ ጣት ላይም ይቀልጣል። ለመብላት ችግር የለውም፤ ለእንግዳ ግን ያሳፍራል። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ወይም ጊዜው ከጠበበ፣ በካካዎ ቅቤ ምትክ የአትክልት ቅባት የገባበትን መሸፈኛ ቸኮሌት ይጠቀሙ፤ ጣዕሙ ያንሳል፣ ግን አቅልጦ ከመንከር ውጭ ምንም አይፈልግም። በሁለቱም ጠብታ ውሃ እንዳይነካቸው፤ ወዲያው ተቋጥረው እንደ ጭቃ ይሆናሉ።

ኩኪሱን እስከ ግማሹ ነክረው ያንጠባጥቡት፣ ወረቀት ላይ ያስተኙት፣ ቸኮሌቱ መርጋት ሲጀምር ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ከረሜላ ይበትኑበት። ገና እንደ ውሃ ሳለ ከበተኑት ይሰምጣል፤ ከረጋ በኋላ ከሆነ አይዝም፣ ይንከባለላል። ቸኮሌቱ ከረሜላውን የሚያጣብቅ ሙጫ ብቻ አይደለም፤ የስብ ንብርብር ስለሆነ የኩኪሱ እርጥበት ወደ ከረሜላው እንዳያልፍም ይጋርደዋል። የሚቀረው የአየሩ እርጥበት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ዕቃውን ከድነው ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ ያስቀምጡት፤ ሁለትና ሦስት ቀን በሰላም ያልፋል። ሚንት ያለበትን ከሌላ ኩኪስ ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ አያድርጉ። ቅቤ ሽታ ይስባልና በማግስቱ የቫኒላውም የቸኮሌቱም ኩኪስ ሁሉ ጥርስ ሳሙና ጥርስ ሳሙና ይላል።

ከረሜላው የግድ ኦቨን ይግባልኝ የሚሉ ከሆነ አንድ የሚያምር መንገድ አለ፦ የመስኮት ኩኪስ። የኩኪሱን መሀል በትንሽ ቅርጽ ቆርጠው ያወጣሉ፣ ባዶውን ይጋግሩታል፣ ሊወጣ 5 ደቂቃ ሲቀረው ትሪውን ስበው ቀዳዳውን በተቀጠቀጠ ከረሜላ ከኩኪሱ ትከሻ ሳያልፍ ይሞሉታል። ሲመለስ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ቅንጣቶቹ ተያይዘው አረፋው ሲበርድ ወዲያው ያውጡት። በአንድ መስኮት አንድ ቀለም ያድርጉ፤ ሲቀላቀሉ ቡናማ ይሆናሉ። ከሥሩ የመጋገሪያ ወረቀት ወይም የሲሊኮን ምንጣፍ የግድ ያስፈልጋል፤ የተቀባ ትሪ አይበቃም። ጨርሶ ሳይቀዘቅዝ ከነኩት መስኮቱ እንደ ክር ይጎተታል። ገደቡንም ልንገርዎ፦ ይህ የዕለቱ ኩኪስ ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ በማግስቱም ያምራል፤ እርጥበት ካለ ምሽቱን ማላቡን ይጀምራል። ለሦስት ቀን ቀደም አይሆንም።

ሚንቱን በሌላ ከረሜላ ልተካ ቢሉም ሁሉም አንድ አይደለም። የተከተፈ ቸኮሌት ወይም ለመጋገሪያ የሚሸጠው የቸኮሌት ጠብታ ሊጥ ውስጥ ገብቶ ችግር የማያመጣ ብቸኛው ነው፤ ስቡ ይቀልጣል፣ ስኳሩና ካካዎው ግን ቅርጹን ይዘው ስለሚቆዩ ካልነካኩት አይፈስም። ባለቀለም ቅርፊት ያላቸው የቸኮሌት ፍሬዎች ሊጥ ውስጥ ከገቡ ቀለማቸው ይለቃል፣ ውስጣቸው ሲቀልጥ ስለሚያብጥም ይሰነጠቃሉ፤ ኩኪሱ ከኦቨን እንደወጣ ላዩ ላይ ተጭነው ቢገቡ ግን ያምራሉ። ጄላቲን ያለባቸው የሚለጠጡ ከረሜላዎች ኦቨን አጠገብ አይድረሱ፤ የሰውነት ሙቀት እንኳ ያላላቸዋል። ለስላሳ ካራሜል ደግሞ የእኔ ቁስል ነው። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ትዕዛዝ ሁለት ትሪ ሾርትብሬድ ካራሜል ከትቼበት ጋገርኩ። ውስጡ ያለው ውሃ ፈልቶ በየጎኑ ገንፍሎ ወጣ፤ ሲቀዘቅዝ ኩኪሱ ከነወረቀቱ ተነሳ፤ ያን ሌሊት ወረቀት በጥፍሬ ስልጥ ነበር ያመሸሁት። አሁን ካራሜል ሲያስፈልገኝ ለብቻው አለስልሼ በሁለት ኩኪስ መሀል አጣብቀዋለሁ።

ጥቂት ጥንቃቄ። የቀለጠ ከረሜላ ከፈላ ውሃ ይበልጥ ይሞቃል፣ ቆዳ ላይም ተጣብቆ ይቀራል፤ የመስኮቱን ኩኪስ ሲሠሩ ልጆች ኦቨኑ ፊት አይቁሙ። ካቃጠለዎት ለመላጥ አይሞክሩ፤ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ይያዙት። ከ4 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ደረቅ ከረሜላ ያለበትን ኩኪስ አይስጡ፤ ሊያንቃቸው ይችላል፤ ለእነሱ ባዶውን ሾርትብሬድ ያስቀሩላቸው። ጥሬ ሊጡን አይቅመሱ፤ እንቁላል ባይኖርበትም ጥሬ ዱቄት ራሱ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። «ስኳር የለውም» የሚል ከረሜላ ከመረጡ ጽሑፉን ያንብቡ፦ ማልቲቶልና ሶርቢቶል የተባሉት የስኳር ምትኮች ሲበዙ ሆድ ያላላሉ፤ ሌላው የስኳር ምትክ ዛይሊቶል ያለበት ደግሞ ውሻ ባለበት ቤት ወለል ላይ መውደቅ የለበትም፣ ለውሻ መርዝ ነው።

ትሪውን እንደገና በቢላ አይፋቁት። የፈላ ውሃ ይሙሉበትና ግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ የደረቀው ከረሜላ ስኳር ነውና ራሱ ሟሙቶ ይሄዳል።